ስለ እርከን መለስኩላት

በ1975 ዓ.ም. የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። እህቴ አርባ ሦስት ነው ትላለች፤ ትበል፣ እናታችን ስትቆጥር የሰማሁት እኔ ነኝ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም እየተጎተትኩ። ስለዚህ እዚህ የተጣመመ ነገር ብታገኙ የተጣመመው እጄ ነው እንጂ ነገሩ አይደለም። ነገሩን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ባላስታውሰው ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ጫት አሳሪ ነበርኩ። ከተማችንን ዛሬ ጭሮ ይሏታል፤ አገሬው ግን ድሮም ጭሮ ነበር የሚላት። ጫቱ ከገበሬው ይመጣል፣ እንመርጠዋለን፣ እናስረዋለን፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለን ውሃ እናርከፈክፍበትና ድሬዳዋ ለሚሄደው መኪና እንሰጣለን። ሚስቴ ከሞተች ቆይታ ነበር። ልጅ አልሰጠንም፣ አልሐምዱሊላህ። ቤቴ ስገባ ኩራዙን የምለኩሰው እኔ፣ የማጠፋውም እኔ።

አንድ ቀን በቀበሌ ስብሰባ ላይ አዲስ ነገር መጣ። ወጣቶቹ የራሳቸው ኪነት አላቸው፤ አሁን ደግሞ ጎልማሶች ከየከተማውና ከየገበሬ ማኅበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እያደሩ፣ እስከ እሁድ ማታ ሙዚቃና ውዝዋዜ ይማሩ ተባለ። ከመኸር በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይጀመራል። መጨረሻ ላይ በከተማው አዳራሽ ትርዒት ይሆናል። ሊቀመንበሩ «ማን ይሂድ?» ሲል ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔ ግን ተነሣሁ።

«ጎልማሳ ምን ውዝዋዜ ይማራል? ይሄ የልጅ ሥራ ነው» አልኩ፤ ብዙም ተናገርኩ።

«አቦ፣ አንተ ስትከራከር አንገትህ ራሱ ይጨፍራል» አለኝ ሊቀመንበሩ። «ሂድ፣ ቢያንስ በሙዚቃ ይሁንልህ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እምቢ ብል ፈራ ይሉኛል ብዬ ሄድኩ። ግትርነቴ እንዲህ ነው፤ መሄድ ሳልፈልግ አስኬደኝ።

ለማያውቅ ሰው ሸጎዬን ልንገር። ሸጎዬ የእኛ አገር ጭፈራ ነው። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አንገታቸውን ግራና ቀኝ እየጣሉ በእግራቸው መሬቱን ይመታሉ፣ በግጥምም ይጠያየቃሉ። አንዷ ታወጣለች፣ አንዱ ይመልሳል፤ ለትዳር ሲሆን ግን ጠያቂው ወንዱ ነው። ዋናው ነገር መልሱ ነው። የጠየቀችህን ነገር ይዘህ ከመለስክ ልብህ አለበት ማለት ነው። የጠየቀችህን ትተህ ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ከብት ወይም ስለ ዝናብ ብትመልስ ግን «አልፈልግሽም» ብለሃታል። ማንም አይሰደብም፣ ማንም አያፍርም፣ ጭፈራው ይቀጥላል። ግን አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያ ነገር አይነሣም፤ ሽማግሌ ቢላክበትም የሚቀበል የለም፤ ሰው ፊት ተመልሷላ።

ሸጎዬ ደግሞ የወጣት ነው። ያገባ ሰው ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ሚስት የቀበረ ሰውማ ጭራሽ ዳሩንም አይጠጋም። እኔ ሃያ ዓመት አካባቢ አንገቴን አላንቀሳቀስኩም ነበር። ያ ትምህርት እኛን ትልልቆቹን መልሶ ሸጎዬ ውስጥ አስገባን። በትእዛዝ መግባታችን በጀን። ማንም «በዚህ ዕድሜህ አታፍርም?» ሊለን አይችልም፤ ታዝዘን ነዋ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጧት ትምህርት ቤቱ ግቢ ስደርስ ሰው ሰሌኑን ተሸክሞ ቆሟል። ወንዶች በአንዱ ክፍል፣ ሴቶች ከሜዳው ማዶ ባለው። ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግተን ሰሌን አነጠፍን። ከአጠገቤ ያረፈው ከመቻራ የመጣ የቡና ገበሬ ነበር፤ አፉ የማያርፍ፣ እግሩ ግን እንደ ግንድ የከበደ። መምህሩ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ክራር ይመታል፣ እኛንም አባቶች እያለ በአክብሮት ነው የሚያስተምረን። ክፉ ሰው አልነበረም። ይሄን የምለው ኋላ በሆነው ነገር እሱን የሚወቅስ ሰው ስለማውቅ ነው። እኔ አልወቅሰውም።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዙር!» ይለናል እያጨበጨበ።

«መምህር፣ ይሄ የመቻራ እግር ሦስት ላይ ሲደርስ ይደክመዋል» ይላል ገበሬው። «ሁለት ላይ ብንዞር ምን ይላሉ?»

ከሂርና የመጡ ሴቶች ነበሩ፣ ነጋዴዎች። መምህሩ ከነሱ አንዷን ከእኔ ፊት አቆማት። መንገድ ዳር ሽንኩርትና ድንች የምትሸጥ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ ጥቂት የምታንስ፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት። ገና እንደጀመርን እግሬን ረገጠችው።

«እግርሽን ያዢ» አልኳት።

«ኦቦ፣ እርስዎ እግርዎን ያንሡ እንጂ። የቆመ እግር ይረገጣል።»

የመቻራው ሰው ከኋላዬ ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ እግሬን ማንሣት ጀመርኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ እየሆነ ቀጠለ። በእረፍት ጊዜ ሴቶቹ ሆጃ ያፈላሉ፣ ያ የቡና ገለባ በወተት የሚፈላው፤ ጥላ ስር ቁጭ ብለን እንጠጣለን። እሷ ኩባያዋን ይዛ ካለሁበት አትርቅም። መጀመሪያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጫት፣ ስለ መኪና እጦት አወራን። ከዚያ ስለ ቤት። «እርስዎ» የሚለው ቀስ ብሎ «አንተ» ሆነ፤ መቼ እንደሆነ አላስተዋልኩም። በመሃል በሥራ ቀን ለጫት ጉዳይ ሂርና ስወርድ ሽንኩርት ገዛኋት። መዝና ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ምራቂ ነዋ። ለአንገትህ።»

ጎረቤቶቿ ነጋዴዎች እልል አሉ። በዚያ ዕድሜዬ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

ጭንቀቷን የነገረችኝ በዚያ ሰሞን ነው። ባሏ ወንድም አለው፣ ዋርሳዋ፣ ቦኬ የሚያርስ ሰው። በአገራችን የሟች ወንድም የሟችን ሚስት ይወርሳል። ሰውየው መጥፎ አይደለም አለችኝ፤ ግን ሚስት አለው፤ እሷን ቦኬ ወስዶ ሁለተኛ አድርጎ ሊያስቀምጣት ነው። የሂርናው ቦታዋ ይቀራል፣ ሚዛኗ ይሸጣል፣ በሰው ጓሮ እንግዳ ሆና ልትኖር ነው።

«እምቢ በያ» አልኳት። ለእኔ ቀላል መስሎኝ።

«ባል የሌላት ሴት እምቢ ብትል ማን ይሰማታል? የምገባበት ቤት ሲያይ ነው የሚተወኝ።»

«ታዲያ ሽማግሌ ልላክ።»

ኩባያዋን አስቀመጠች። «ሽማግሌ አልፈልግም። መጀመሪያ ያገባሁት በሽማግሌ ነው፣ ፊቱን ያየሁት ከገባሁ በኋላ ነው። ሸጎዬ ሳልጨፍር ነው ያረጀሁት። አሁን አላህ በዚህ ትምህርት ሰበብ አቁሞኛል። የሚፈልገኝ ሰው ሰው ፊት በሸጎዬ ይጠይቀኝ። ዋርሳዬም ያኔ አፍ የለውም።»

እውነቷን ነው። በሸጎዬ ተጠያይቀው የተስማሙትን ሰው ፊት የሚያፈርስ የለም። እሺ አልኳት። ጫት እያሰርኩ ግጥሙን በሆዴ ገጠምኩ፤ እየሰራሁ አፌ ሲንቀሳቀስ ጓደኞቼ ቁርኣን የምቀራ መስሏቸው ዝም ይሉኝ ነበር።

የትርዒቱ ግጥም ግን ሌላ ነው። እሱን መምህሩ ነው የሠራው፣ በአማርኛ፣ እንግዶቹ እንዲገባቸው። ያን ጊዜ በየጋራው እርከን ይሠራ ነበርና ስለ እርከን ነው። እሷ እንዲህ ትላለች፦

ወንድሜ ንገረኝ፣ እርከኑ እንዴት ነው?

እኔ ደግሞ፦

ድንጋዩን ደርድረን፣ ጎርፉን ያዝነው።

ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ሌሎቹ እያነበቡ ያዙት። እኔ ፊደሉ እስኪሰበሰብልኝ መምህሩ ያጠፋዋል። እንዳይስቁብኝ በጆሮዬ ይዤ፣ መንገድ ላይ፣ ጫት ላይ፣ ሶላት ልቆም ስል ሳይቀር እደጋግመው ነበር። አንድ ቃል እንዳልሳሳት ከራሴ ጋር እልህ ተጋባሁ። የሷ ድምፅ ሲያልቅ የእኔ አፍ ይከፈታል፤ እንደ በር።

ሌላ አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ሸጎዬ ፊት ለፊት ነው ብያለሁ። መምህሩ ግን መድረክ ላይ ፊታችንን ወደ ሕዝቡ አዞረው።

«አባቶች፣ ሕዝቡ ጀርባችሁን ለማየት አይደለም የሚመጣው። ዓይናችሁ አዳራሹ ላይ!»

«ዓይናችን አዳራሹ ላይ ከሆነ የማንን ፊት አይተን ነው የምንመልሰው?» አለው የመቻራው ሰው።

«ግጥሙን ታውቁታላችሁ አይደል?»

«እናውቀዋለን።»

«ታዲያ ፊት ለምን?»

ፊታችንን አዙረን ከአንድ ጀመርን። እኔ ተከራካሪውም አብሬ ዞርኩ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሆጃ ስንጠጣ «ዋርሳዬ ነገ ይመጣል» አለችኝ።

«ይምጣ፣ አዳራሹ ሰፊ ነው።»

«ለጭፈራ የሚመጣ መሰለህ? ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል።»

«ከትርዒቱ በኋላ ሜዳው ላይ ሸጎዬ አለ። አንድ ሁለት የለ፣ መምህር የለ። እዚያ እጠይቅሻለሁ። ግጥሙን ጨርሻለሁ።»

«ዛሬስ ብትጠይቀኝ? ይኸው ሰው ሞልቷል።»

«ዛሬ ልምምድ ነው። በልምምድ ላይ የተባለ ነገር ነገር ይሆናል? በሥርዓቱ ነው የምጠይቅሽ።»

«አቦ፣ ግትርነትህ!» አለችና ሳቀች። «እሺ፣ በሥርዓቱ።»

የሳቀችልኝ የመጨረሻው እሱ ነው።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ከፊት ኃላፊዎቹ፣ ከኋላ ከሂርና፣ ከቦኬ፣ ከመቻራ በመኪና የመጣ ሰው። እኛ ወንዶቹ ከመድረኩ በአንዱ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላው በኩል ሆነን ተራችንን እንጠብቃለን። እሷ በሴቶቹ በኩል ካለው በር ላይ ከአንድ ረጅም ሰው ጋር ቆማ እንደነበር እኔ አላየሁም፤ ያየው የመቻራው ሰው ነው፣ በኋላ ነገረኝ። ሰውየው ዋርሳዋ ነበር፤ ያላትን ጓደኞቿ ናቸው ኋላ የነገሩኝ። የቦኬው መኪና ትርዒቱ እንዳለቀ ስለሚሄድ ዕቃሽን ያዢ፣ ሂርና ላይ ወርደን እንነጋገራለን እያላት ነበር። ሜዳው ላይ ሸጎዬ የምትቆምበት ጊዜ አልነበራትም። እኔ ያን ሰዓት ከመጋረጃው ኋላ ድንጋዩን እየደረደርኩ ጎርፉን እይዛለሁ።

ወጣን። አኮርዲዮኑ ተነሣ፣ ከበሮው ተመታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዙር። ዓይኔ አዳራሹ ላይ። እግሬ ቀሎኛል፣ አንገቴ እንደ ወጣትነቴ ሆኖልኛል። የሷ ተራ ደረሰ። ዜማውን አወጣችው። ድምፅዋ ከወትሮው ከፍ ያለ መሰለኝ። ከኋላ ያለው ሰው በአንዴ ጸጥ አለ፤ እኔ አሳምራ ዘፍና ነው ብዬ ኮራሁ።

ያለችው ግን የእርከኑን አልነበረም። በኦሮምኛ ነው ያለችው። በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው፦

ቤቴ በር አለው፣ በሩ መዝጊያ የለው፤
ነፋስ ሲገባበት ማነው የሚያቆመው?

እሷ ጠየቀችኝ። ሴቷ፣ ወንዱን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዋርሳዋ ቁጭ ብሎ እያየ። በእናቴ ቋንቋ ነው የጠየቀችኝ፤ ጆሮዬ ግን ቃሉን ትቶ የዜማውን ማለቂያ ነው የሚጠብቀው። ፊቷን ባይ ኖሮ አውቅ ነበር። ፊቷን አላየሁም፣ የማየው ኃላፊዎቹን ነው። ዜማዋ አለቀ፣ አፌ ተከፈተ፦

ድንጋዩን ደርድረን፣ ጎርፉን ያዝነው!

አንድ ቃል አልሳትኩም። ከፊት ያሉት አጨበጨቡ። ከኋላ ደግሞ ሳቅ ፈነዳ፤ ኦሮምኛ የሚያውቀው በሙሉ ሳቀ። እኔ ወድደውኝ የሳቁ መሰለኝ። መምህሩ እንዳስተማረን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሣሁ። ሦስቴ ነሣሁ መሰለኝ። እሷም ዙሩን ጨረሰች፤ እግሯ አልተሳሳተም።

ከመድረክ እንደወረድን የመቻራው ሰው ክንዴን ያዘኝ።

«ወንድሜ፣ ምን ነካህ?»

«ምን ነካኝ? ቃል በቃል ነው ያልኩት።»

«እሱማ ቃል በቃል። ሴትዮዋ በሬን ማን ይዝጋልኝ ስትልህ አንተ ስለ እርከን ነገርካት።»

«ቀልድህን ተው።»

«ወላሂ አልቀለድኩም» አለኝ። ያ አፉ የማያርፍ ሰው ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ነገሩ እውነት መሆኑን ያወቅኩት በዝምታው ነው። ግጥሟን ቃል በቃል እንዲነግረኝ ለመንኩት፣ ነገረኝ። ስሰማው አውቄዋለሁ። ጆሮዬ ይዞት ኖሯል፣ ለእኔ ሳይሰጠኝ።

ወደ ሜዳው ሮጥኩ። ሸጎዬው ተጀምሯል፣ የሂርና ሴቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ እሷ የለችም። የቦኬው መኪና ሄዷል። አንዷ ጓደኛዋ አየችኝና «ኦቦ እርከን፣ ጎርፉ እንዴት ነው?» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ሜዳው መሃል ቆሜ የገጠምኩትን ግጥም በሆዴ ይዤ፣ የምሰጠው ሰው አጣሁ።

ሰዎች ብዙ ነገር ይሉኛል። አንዱ፣ ያቺ መጠበቅ ነበረባት ይላል። የምትጠብቅበት ምን ጊዜ ነበራት? ሌላው፣ መምህሩ ፊታችሁን ባያዞር ይላል። እኔ ግን የማስበው ያን ቅዳሜ ነው። ሆጃው በእጃችን ነበር፣ ሰው ሞልቶ ነበር፣ ፊቷ ፊቴ ላይ ነበር፣ ጠይቀኝ ብላኝ ነበር። ልምምድ ነው አልኳት። አሁን ሳስበው እኛ በልምምድ ላይ እንደነበርነው በትርዒቱ ላይ አልነበርንም። ጥላው ስር የነበረው ነው እውነቱ።

በማግስቱ ሰኞ ጧት ጫት ቤቱን ሳልከፍት ሂርና በሚወርደው የመጀመሪያ መኪና ተሳፈርኩ። ሲነጋ ልቤ አስር ጊዜ ተመለስ ተመለስ ብሎኛል፣ ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ የተመለሰ ነገር አይነሣም። ግትር ሰው ስለሆንኩ ሄድኩ።

ቦታዋ ላይ ናት። ድንቹን ትደረድራለች። ትንሽ ራቅ ብሎ ረጅሙ ሰው ጆንያ ያስራል። ሚዛኑ ከቦታው ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

«ነጋ፣ ደህና። እርስዎስ ደህና አደሩ?» አለችኝ። «እርስዎ» ተመልሷል።

ሌላ ነገር ብናገር የማይረባ ሆነብኝ። ስለዚህ እዚያው፣ ከድንቹ ፊት፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ፣ መኪና ጥሩምባ እየነፋብኝ፣ አንገቴን ጣልኩና በኦሮምኛ አወጣሁት፦

ክፍት ነው ያልሽው በር፣ እኔ ልቁምበት፤
መዝጊያ እስኪገኝለት በጀርባዬ ልጋርድበት።

እስከ መጨረሻው ጨረስኩት። ነጋዴዎቹ እጃቸውን አቆሙ። ሰውየው ጆንያውን ለቀቀና ቀና አለ፤ እሷን ነው ያየው። እሷም ድንቹን አስቀመጠች፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷን በደንብ አየሁት። ዓይኗ እርጥብ ነበር። በዝግታ፣ በአማርኛ፣ ዜማውን ሳታበላሽ መለሰችልኝ፦

ድንጋዩን ደርድረን፣ ጎርፉን ያዝነው።

ማንም አልሳቀም።

«ትናንት ማታ እሺ ብዬዋለሁ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን ልስጥዎት?»

«ሽንኩርት» አልኳት።

ሚዛኑን ከመሬት አንሥታ መዘነችልኝ። ሒሳቡን ሰጠኋት፣ ተቀበለች፣ ፌስታሉን ልትቋጥር ስትል አንድ እፍኝ ጨመረችበት። ተቀበልኳትና መንገዱን ተሻግሬ ወደ አሰበ ተፈሪ የሚመለስ መኪና ቆሜ ጠበቅኩ።